ልጁ ኳስ አልጠላም፣ ጉልበቱን የሚያይለት ነው ያጣው

በ2010 ዓ.ም. የከተማችን የእግር ኳስ ክለብ ጅማ አባ ጅፋር ገና ባደገበት ዓመት የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ እዚህ ጅማ የነበረ ሰው ያን ጊዜ አይረሳውም። የሰፈራችን ሜዳ ከንጋት ጀምሮ በሕፃናት ይሞላ ነበር። ሁሉም ታኬታ ግዙልኝ ባይ ነው፣ ሁሉም ኦኪኪ አፎላቢ ነው፤ ኦኪኪ ማለት ያኔ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ የሆነው የክለቡ ናይጄሪያዊ አጥቂ። ክለቡ በ2014 ከሊጉ ወረደ። እነዚያ ልጆች አድገዋል፤ ጎበዝ ጎበዞቹ ሳይቀሩ ኳስ ትተዋል።

ለምን ሲባል መልሱ የታወቀ ነው፦ «ዲሲፕሊን የላቸውም፣ ጫት ነው ያበላሻቸው።» አልስማማም። የሚቅም የለም አልልም። ግን እኔ የማውቃቸው ልጆች መቃም የጀመሩት ኳስ ካቆሙ በኋላ ነው። ከሰዓት ይሄዱበት የነበረው ልምምድ ሲቀር ያ ሰዓት ባዶ ሆነባቸው።

አንድ ግራ እግር ልጅ ነበር፤ ጨዋታ ያውቃል፣ ሰው የሚመጣው እሱን ለማየት ነው። 17 ዓመቱ ላይ በክረምት ጭቃ ውስጥ ሲጫወት ጉልበቱ ዞረ። ተሸክመን ወጌሻ ጋ ወሰድነው። አሸው፣ አሰረው፣ ሁለት ሳምንት እረፍ አለው። በሦስተኛው ሳምንት ሜዳ ገብቶ ለመታጠፍ ሲሞክር ጉልበቱ ከዳው።

ወጌሻውን አልወቅስም፤ የሚችለውን አድርጓል። ግን የተበጠሰ የጉልበት ጅማት በማሸት አይገጥምም። ኤምአርአይ መነሳት አለበት፣ እንደሱ ላለ ተጫዋች አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ ሕክምናም ያስፈልጋል፣ ከዚያ ወደ ሜዳ ለመመለስ 9 ወር ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ በባለሙያ የታገዘ እንቅስቃሴ ይጠይቃል። ይህን ማን ይከፍላል? እናቱ ጉሊት ናቸው። ይጫወትበት የነበረው ቡድን አንድ ቀን እንኳ ስልክ አልደወለም፤ ውል ስለሌለው የሚጠየቅ ሰው የለም። እናቱ በመጨረሻ «ልጄ፣ በቃ፣ እግርህን ይዘህልኝ ተቀመጥ» አሉት። እናት ሌላ ምን ትበል?

ለሙከራ 350 ኪሎ ሜትር አዲስ አበባ ድረስ በራሱ ወጪ ሄዶ፣ ማደሪያ አጥቶ የተመለሰም አለ። ዕድሜህን ቀንስ ተብሎ ያፈረም አለ። እኔን ግን ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ የጉዳቱ ነገር ነው፤ ምክንያቱም እዚሁ ከተማችን ውስጥ መላ ሊገኝለት ይችላል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ትልቅ ሆስፒታል አለው፣ ስፖርት ሳይንስ ያስተምራል። በሳምንት አንድ ከሰዓት፣ የተጎዳ ታዳጊ ሁሉ መጥቶ የሚታይበት ቀን ቢኖር ምን ይከብዳል? አሰልጣኞችስ የሕፃናቱን ወላጆች ስልክ ይዘው፣ ልጅ ሲቀር ቤቱ ድረስ ቢጠይቁ?

ያ ጉልበቱን የተጎዳው ልጅ አሁን እዚሁ ጅማ መርካቶ ስልክ ይጠግናል። ባለፈው ሳምንት ሱቁ ስሄድ ከጠረጴዛው ሥር የተቀደደ ታኬታ አየሁ። የታናሽ ወንድሙ ነው፣ ሊያሰፋለት ነው። ወንድሙ ዘንድሮ 14 ሞልቶታል፣ የሚለማመደውም እዚያው ሜዳ ላይ ነው። ክረምቱ እየመጣ ነው።