ኮዱስ ይነበባል፤ የማይነበበው መሣሪያችሁ ነው

ሰሞኑን አንድ ማየት የተሳነው ፕሮግራመር ኮድ ለሚጽፍበት ሶፍትዌር፣ ለኮድ ኤዲተሩ፣ ሠሪዎች አቤቱታ አቀረበ። አዲሱን ማሻሻያ ከጫነ ወዲህ በስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብለት ፕሮግራም፣ ስክሪን ሪደሩ፣ የስህተት መልዕክቶችን አያነብለትም። የተሰጠው መልስ አጭር ነው። ተጠቃሚዎቹ ጥቂት ስለሆኑ ቅድሚያ አንሰጠውም፤ ደግሞም ኮድ የሚጽፈው አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ እየሆነ ስለመጣ ችግሩ በራሱ ጊዜ ይጠፋል። አለቀ፣ አቤቱታው ተዘጋ። የኤዲተሩን ስም የማልጠራው እንዲህ የሚያስበው እሱ ብቻ ስላልሆነ ነው።

ከሁለተኛው ልጀምር፣ የባሰው እሱ ነውና። እሺ፣ ማሽኑ ይጻፍ። የጻፈውን ማን ያነበዋል? ማሽኑ በደቂቃ ውስጥ አሥር ፋይል ሲነካካ የፕሮግራመሩ ሥራ ማንበብ፣ ማጣራት፣ ስህተት ማደን ይሆናል። የጠፋው መስመር በቀይ፣ የተጨመረው በአረንጓዴ ይታያል። ኤዲተሩ "ይሄ ተሰርዟል፣ ይሄ ተጨምሯል" ብሎ በጽሑፍ ካላሳወቀ ስክሪን ሪደሩ ከቀለም ምን ያውቃል? ከማሽኑ ጋር የሚወራበት የቻት መስኮት ራሱ ብዙ ጊዜ ሌላ ጣጣ ነው። መልሱ እየተንጠባጠበ ሲመጣ ስክሪን ሪደሩ ወይ በየቃሉ እየተቋረጠ ይንተባተባል፣ ወይ ጭጭ ይላል። መፍትሔ ተብሎ የቀረበው እንግዲህ ይሄ ነው። ኧረ ተዉ!

በጣም የሚያናድደኝ ግን ሰዎቹ ዓይነ ስውርነትን ከፕሮግራሚንግ ጋር የማይሄድ ነገር አድርገው ማየታቸው ነው። ኮድ እኮ ጽሑፍ ነው። ፊደል፣ ቁጥር፣ ቅንፍ። ስክሪን ሪደር ደግሞ ከምንም በላይ የሚሆንለት ጽሑፍ ማንበብ ነው። በጥቁሩ የትዕዛዝ መስኮት ዘመን ሁሉም ሰው የሚሠራው በጽሑፍ ነበር። ግድግዳው የቆመው ኋላ ላይ፣ ሁሉ ነገር አይኮንና ማውስ ሲሆን ነው። ያቆመውም ዓይነ ስውሩ አይደለም።

ደግሞስ ስክሪን ሪደሮቹን እነማን ሠሯቸው? ቴድ ሄንተር እ.ኤ.አ. በ1978 በመኪና አደጋ ዓይኑን አጣ፤ ከዚያ በኋላ ፕሮግራሚንግ ተምሮ ጆውስ የተባለውን ስክሪን ሪደር ይዞ መጣ። ቲ.ቪ. ራማን እ.ኤ.አ. በ1995 ኢማክስፒክን ለቀቀ፤ ኢማክስ የተባለውን ኤዲተር ራሱን እንዲናገር አደረገው። ማይክል ከራን እ.ኤ.አ. በ2006 ኤንቪዲኤ የተባለውን ስክሪን ሪደር ጀመረ፣ ጀምስ ቴህም ተቀላቀለው፤ በነፃ የሚታደል፣ ኮዱም ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ነው። ሁሉም ማየት የተሳናቸው ናቸው። ኤንቪዲኤ ደግሞ በአብዛኛው የተጻፈው በፓይተን ነው፤ በመስመር መጀመሪያ ያለው ባዶ ቦታ ትርጉም በሚለውጥበት የፕሮግራሚንግ ቋንቋ! "ባዶ ቦታን እንዴት ይሰሙታል?" ለሚል፣ ይሰማል። ኤንቪዲኤ ቅንብሩ ሲበራለት መስመሩ ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር ድምፁ የሚቀጥን ቃና ያሰማል። ጆሮ ሲለምደው የተሳሳተ መስመር ወዲያው ይታወቃል።

ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄም ያለፈበት ነው። የማይክሮሶፍት ኮድ ኤዲተር ቪኤስ ኮድ ስህተት ያለበት መስመር ላይ ሲደረስ ድምፅ ያሰማል፤ አልትና ኤፍ1 ሲጫኑ ደግሞ ለስክሪን ሪደር ተጠቃሚዎች የተዘጋጀ መመሪያ ይከፍታል። ሌላው ኤዲተር ውስጥ ግን ሰውየው ታብ እየተጫነ ሲሄድ የሚሰማው "በተን፣ በተን፣ በተን" ነው። አንዱ ፕሮግራሙን ያስነሳል፣ አንዱ ሥራውን ሁሉ ይሰርዛል። የትኛው የቱ ነው? በተኑ ላይ ስም መጻፍ ስንት መስመር ይፈጃል? አብዛኛውን ጊዜ አንድ። ይህን "ቅድሚያ የማይሰጠው" ማለት ስንፍና ነው፤ ሌላ ስም የለውም። በእርግጥ በማውስ እየተጎተተ የሚሠራ የገጽ ዲዛይን ከባድ ነው፣ አልክድም። የስህተት መልዕክት ማንበብ ግን እዚያ ውስጥ አይገባም።

"ጥቂት ናቸው" የሚለውማ በር ቆልፎ "ማንም አልመጣም" እንደማለት ነው። ለልጆች ኮዲንግ የሚያስተምሩትን መሣሪያዎች ተመልከቱ፦ ባለቀለም ብሎክ በማውስ ጎትቶ መገጣጠም። ማየት የተሳነው ልጅ ገና በመጀመሪያው ትምህርት ከጨዋታው ይወጣል። አማራጭ ስለሌለ አይደለም። ማይክሮሶፍት ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2019 ለአሜሪካ የዓይነ ስውራን ማተሚያ ቤት ያስረከበው ኮድ ጃምፐር በእጅ የሚዳሰሱ፣ በገመድ የሚያያዙ ቁርጥራጮች አሉት፤ ልጁ ሲያገጣጥማቸው ፕሮግራሙ በድምፅ ይሰማል። ልጁን በልጅነቱ አባርሮ ሲያድግ "የታል?" ብሎ መቁጠር ግን ጉድ ነው።

ስለዚህ ከንፈር መምጠጡ ይቅር። ስም የሌለው በተን የተገኘበት ኮድ ፈተና እንደወደቀ ኮድ ሁሉ ወደ ዋናው ኮድ እንዳይቀላቀል ይከልከል። ማየት የተሳናቸው ፕሮግራመሮች ደግሞ ማሻሻያው ከመውጣቱ በፊት ይፈትሹት፤ ደመወዝ እየተከፈላቸው። እስከ ዛሬ ስህተታችሁን እየለቀሙ ሲልኩላችሁ የኖሩት በነፃ ነው።