የቡፌው ሲኒ

ጎረቤታችን እትዬ ቤት አንድ ቡፌ አለ። (ስማቸውን አልጠራም፤ ይህን ካነበቡ ቡናው ይቀርብኛል።) ከመስታወቱ ጀርባ ጠርዛቸው ወርቅማ የሆነ ስድስት ሲኒዎች ተደርድረዋል። በእነሱ ቡና የጠጣ የሰፈር ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። የእንግዳ ናቸው። የእኔዋ ሲኒ ከንፈሯ የተሸረፈ ነው፤ ከየት በኩል እንደምጠጣ ግን ተለማምጄዋለሁ።

ባለፈው እሁድ ቶና ላይ የእትዬ ልጅ፣ ባጃጅ ነጂው፣ ድንገት ተነሳና «ኦሎምፒክ ጎንደር መምጣት አለበት» አለ።

«የት ይዋኛሉ?»

«ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ምን ሆነ?»

«እሱ እኮ በዓመት አንዴ ነው የሚሞላው!»

«ኦሎምፒክም በአራት ዓመት አንዴ ነው።»

ለፈረሱ የጥምቀት ጉግስ ተጫዋቾች ሞልተውናል። ማራቶኑ ከአዘዞ ተነስቶ ፒያሳ ይገባል። 42 ኪሎ ሜትር አይሞላም ስለው፣ «ጉድጓዱን እየዞርክ ስትሮጥ ይሞላል» አለኝ። የሙያው ሰው ነውና ዝም አልኩ።

እትዬ ግን «እንግዳው ሲሄድ ዕቃውን ማን ያጥባል?» አሉ።

ጥያቄው ቀላል አይደለም። የካናዳዋ ሞንትሪያል እ.ኤ.አ. በ1976 ኦሎምፒክ የደገሰችበትን ዕዳ ከፍላ የጨረሰችው በ2006 ነው፤ ያውም ከሲጋራ ላይ ግብር እየተቆነጠረ። ለልጅ ሰርግ የተበደሩትን በልጅ ልጅ ሰርግ መክፈል ማለት ነው። እኛ ደግሞ ያን ድግስ ጭራሽ አልቀመስነውም። የኒውዚላንድ ራግቢ ቡድን በአፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ ተጫወተ ብለን፣ ከሌሎች አፍሪካውያን ጋር አድመን ቀረን። ምሩፅ ይፍጠርም ሳይሮጥ ቀረ። እትዬ ይህን ሲሰሙ ከንፈራቸውን መጠጡ። ለምሩፅ ይሁን ለሞንትሪያል አልገባኝም።

ፓሪስ ደግሞ ለ2024ቱ ኦሎምፒክ ከ1 ቢሊዮን ዩሮ በላይ አፍስሳ የሴንን ወንዝ አጸዳች። ከ1923 ጀምሮ ዋና የተከለከለበት ወንዝ ነው። በውድድሩ ሰሞን ዝናብ ጣለና ውሃው ተበላሸ፤ የወንዶቹ ትሪያትሎን (ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ ያለበት ውድድር) በአንድ ቀን ተገፋ። እንዲህም ሆኖ በ2025 ሐምሌ ወንዙ ለሕዝብ ተከፈተ።

«ለየትኛው ሕዝብ?» አሉ እትዬ።

«ለራሳቸው ነዋ፣ ለፓሪሶቹ።»

«እንግዳው ከሄደ በኋላ?» አሉና ቡፌውን በዓይናቸው ቃኙት። ጨርሶ አላመኑኝም።

አልፈርድባቸውም። እኛ ማንም ሳይመርጠን በየዓመቱ ጥር 11 እንደግሳለን። ጥምቀት እ.ኤ.አ. በ2019 ዩኔስኮ ላይ ከተመዘገበ ወዲህ ደግሞ ድግሳችን የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኗል። ታኅሣሥ ሲያልቅ በራችን ላይ ያለችው ጉድጓድ ገረጋንቲ ይደፋባታል። የመንገዱ ጠርዝ ቀለም ይቀባል። ቧንቧችን እንኳ በዚያ ሰሞን ጨዋ ይሆናል። ታቦታቱ ገብተው እንግዳው አዘዞ አውሮፕላን ሲሳፈር ቧንቧው ዓመሉ ይነሳበታል። ክረምት ሲገባ ጉድጓዷም ወደ ቤቷ ትመለሳለች። የባጃጁ ልጅ በስሟ ነው የሚያውቃት። ስሟ ግን እዚህ አይጻፍም።

«እትዬ፣» አልኩ በረካው ሲቀዳ፣ «ኦሎምፒኩ ጎንደር ቢመጣ እነዚያ ሲኒዎች ይወጣሉ?»

«ይወጣሉ እንጂ!» አሉ፣ የተሸረፈችዋን እያቀበሉኝ። «አንተ ታጥባቸዋለህ።»