ትንሿ ኮምፒዩተር በጎንደር አየር ስትለካ

ከመጽሐፍ ብዙም የማትበልጥ፣ ከሞኒተር ጀርባ የምትደበቅ፣ «የትልቁን ሲፒዩ ሥራ አንድ ሳታጎድል የምትሠራ»። ሚኒ ፒሲ በጎንደር ፒያሳና አራዳ ሱቆች፣ ከዚያም በላይ በቴሌግራም ቻናሎች የሚሸጠው በእንዲህ ያለ ውዳሴ ነው። አንዳንዱ ሻጭ ቁጥር ይጨምርበታል፦ በአንድ ሊትር ይህን ያህል ነጥብ። ቁጥሩ ትናንሽ ኮምፒዩተር መገጣጠምን እንደ ስፖርት ከያዙ የውጭ ሰዎች የመጣ ነው። የኬዙን (የሳጥኑን) ርዝመት፣ ወርድና ቁመት አባዝተው ይዘቱን በሊትር ያወጣሉ፤ ከዚያ እንደ ሲኒቤንች ባለ መፈተሻ ፕሮግራም የተገኘውን ነጥብ ለሊትሩ ያካፍላሉ። ብዙ ያገኘ ያሸንፋል።

ስሌቱን አልጠላውም። ኮምፒዩተር የሚይዘውን ቦታ መቁጠር ተገቢ ነው፤ በተለይ አንድ ጠረጴዛ ፕሪንተሩንም፣ የደረሰኝ ማሽኑንም፣ የደንበኛውን ክርንም በሚሸከምበት የፒያሳ ጠባብ ሱቅ ውስጥ። ቅሬታዬ ሌላ ነው። ይህ ቁጥር የሁለት ነገሮች ብዜት ሆኖ ሳለ እንደ አንድ ነገር ይነገረናል፤ ከሁለቱ አንዱ ደግሞ ጎንደር ሲደርስ ይቀንሳል።

መጀመሪያ መጠኑን እንየው። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጣው የኤቲኤክስ ማዘርቦርድ (የኮምፒዩተሩ ክፍሎች የሚገጠሙበት ዋና ሰሌዳ) 305 በ244 ሚሊ ሜትር ነው። እሱን የሚይዝ የተለመደ ኬዝ 210 በ450 በ470 ሚሊ ሜትር ቢሆን 44 ሊትር ግድም ይመጣል፤ ከፍቶ ላየው አብዛኛው ባዶ ነው። ቪያ የተባለው የታይዋን ኩባንያ በ2001 ሚኒ አይቲኤክስን አመጣ፣ 170 በ170። ዛሬ ትልቅ ግራፊክስ ካርድ ያለው ማሽን 10 ሊትር ውስጥ፣ ዳን ኤ4 በሚባለው ኬዝማ 7 ሊትር ግድም ውስጥ የሚገባው በዚች ማዘርቦርድ ምክንያት ነው። ከዚያ ዝቅ ሲል የቢሮዎቹ አሉ፦ የሌኖቮ ታይኒ፣ የዴል ማይክሮ፣ የኤችፒ ሚኒ። ሦስቱም ከአንድ ሊትር እምብዛም አያልፉም። አፕል በ2024 ያወጣው ማክ ሚኒ 12.7 በ12.7 በ5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ 0.8 ሊትር።

አካፋዩ ሲያንስ ውጤቱ እንደሚያድግ የአንደኛ ደረጃ ተማሪም ያውቀዋል። ስለዚህ ማጭበርበሩ በአካፋዩ በኩል ይገባል። አንዱ የኬዙን እግር አይቆጥርም። ሌላው፣ ይህ ዋናው ነው፣ ከውጭ የሚሰካውን አዳፕተር ይረሳል። የኤችፒ ሚኒ ሳጥን 177 በ175 በ34 ሚሊ ሜትር፣ 1.05 ሊትር ነው። ያለ አዳፕተሩ ግን አንድ ሰከንድ አይሠራም፤ 0.2 ሊትር ግድም የሚሆን አዳፕተር ሲጨመርበት 1.25 ይሆናል፤ በሊትር የተባለው ነጥብም በዚያው 16 በመቶ ይወርዳል። ግራፊክስ ካርድ ባላቸው ሚኒዎች ላይ ነገሩ ይብሳል፤ ባለ 330 ዋት አዳፕተሮች ለብቻቸው ግማሽ ሊትርን የሚያልፉ አሉ። ማክ ሚኒ ፓወር ሰፕላይዋን ሆዷ ውስጥ ይዛ 0.8 ስትሆን፣ ሌላው ጠረጴዛ ሥር የደበቀውን ሳይቆጥር «አንድ ሊትር ነኝ» ማለቱ ፍትሐዊ አይደለም።

ስሌቱ ልጓም ካልተደረገለት ደግሞ ወደ ቀልድ ይሄዳል። 160 በ75 በ8 ሚሊ ሜትር የሆነ ስልክ 0.1 ሊትር እንኳ አይሞላም። በሊትር ብቻ ከሄድን፣ ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ የሠርግ ቪዲዮ የሚቀናበርበትን ትልቅ ማሽን በእጥፍ ድርብ ይበልጠዋል። ኤዲተሩ ግን አሥር ስልክ ቢደረድርም ሥራው በሰዓቱ አያልቅለትም። መጀመሪያ ሥራው የሚጠይቀው አቅም ይወሰን፤ ከዚያ በኋላ፣ ያንን አቅም ካሟሉት መካከል፣ የትኛው ያንሳል ማለት ይቻላል።

ሌላው ጉዳይ ጊዜ ነው። ሚኒዎቹ ውስጥ የሚገቡት ብዙዎቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ስማቸው መጨረሻ ላይ ቲ የሚል ፊደል አላቸው። ለምሳሌ ኮር አይ7 12700ቲ በመደበኛው 35 ዋት የሚወስድ ሲሆን ለአጭር ጊዜ እስከ 99 ዋት ይወጣል። አንድ ደቂቃ የማይሞላ ፈተና የሚለካው ያንን ጉልበት ነው። ፎቶ ሲከፈት፣ ኤክሴል ሲደመር ጉልበቱ እውነተኛ ጥቅም አለው፤ ውሸት ነው አልልም። የአንድ ሰዓት ቪዲዮ ሲወጣ ግን ማሽኑ ወደ 35ቱ ይመለሳል። ሲኒቤንች ከአር23 ጀምሮ ፈተናውን ለ10 ደቂቃ እንዲደጋግም የተደረገው ይኸው እንዲታይ ነው፤ ሱቅ ውስጥ ግን 10 ደቂቃ የሚታገሥ ሻጭም ገዢም ብዙ የለም።

አሁን ወደ ብዜቱ። በሊትር የሚገኝ አቅም ማለት በአንድ ዋት የሚገኝ አቅም ሲባዛ በአንድ ሊትር ውስጥ ሊቃጠል በሚችለው ዋት ነው። የመጀመሪያው የቺፑ ሥራ ነው፤ ቺፑን የነደፉትና የሠሩት መሐንዲሶች ያመጡት። ሁለተኛው የኬዙ፣ የፋኑና የሂትሲንኩ (ሙቀቱን ከቺፑ የሚቀበለው ባለ ክንፍ ብረት) ሥራ ነው። አንድ ማሽን በሁለቱም መንገድ ሊያሸንፍ ይችላል፤ በሊትር ነጥብ ብቻ ያየ ሰው ግን በየትኛው እንዳሸነፈ አያውቅም።

ቁጥሩ ራሱ ያስገርማል። ኤም4 ቺፕ ያላት ማክ ሚኒ ቢበዛ 65 ዋት ትወስዳለች፤ ለ0.8 ሊትር ሲካፈል በሊትር 80 ዋት ግድም ነው። ለብቻው 575 ዋት የሚወስደው አርቲኤክስ 5090 ግራፊክስ ካርድ ከነፕሮሰሰሩ 700 ዋት ይሁን ብንልና 10 ሊትር ውስጥ ብንጠቀጥቀው በሊትር 70 ዋት ይሆናል። ጸጥተኛዋ ትንሽና ያ ጭራቅ በየሊትራቸው የሚያነዱት እሳት ተቀራራቢ ነው ማለት ነው። 250 ዋት የሚወስድ ባለ 44 ሊትሩ ትልቁ ሳጥን ደግሞ በሊትር 6 ዋት እንኳ አይደርስም። የዚያ ሁሉ ባዶ ቦታ ትርጉም ይህ ነው፤ ብክነት የሚመስለው መተንፈሻ ነው።

ጎንደር የምትገባው እዚህ ላይ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ግድም ላይ ናት። በተመሳሳይ ሙቀት ሲለካ፣ እዚህ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው ከ20 በመቶ በላይ የሳሳ ነው። ፋን አየርን የሚሰፍረው በቁና ነው፤ ሙቀት የሚወሰደው ግን በኪሎ ነው። ያው ፋን በያው ፍጥነት ሲሽከረከር በደቂቃ የሚሰፍረው ቁና አይለወጥም፤ ቁናው ውስጥ ያለው እህል ግን ቀሏል። ባሕር ዳርቻ ላይ 15 ዲግሪ ሞቆ ከኬዙ የሚወጣ አየር እዚህ 19 ዲግሪ ግድም ሞቆ ይወጣል። ሌላ ምንም ሳይለወጥ፣ በአንድ ሊትር ሊቃጠል የሚችለው ዋት በአንድ አምስተኛ ግድም ይቀንሳል።

ትልቁ ሳጥን ይህን በቀላሉ ይችለዋል። ባለ 120 ሚሊ ሜትር ፋን ፍጥነቱን ትንሽ ይጨምርና ነገሩ ያበቃል። የ60 ሚሊ ሜትር ፋን ስፋት የዚያ ሩብ ነው፤ እሱ ቀድሞውንም እየሮጠ ነው። ስለዚህ ወይ ይጮኻል ወይ ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ፋርማሲ ቆጣሪ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚያፏጭ ኮምፒዩተር ያለበት ሰው የምለው ይገባዋል።

«ጎንደር ወይና ደጋ ናት፣ ምን ሙቀት አለና?» የሚል አይጠፋም። እውነት አለው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ማንም ችግሩን አያየውም። ነገር ግን አምራቾቹ ራሳቸው በዝርዝር ሰነዳቸው ግርጌ በትንንሽ ፊደል የሚጽፉት አለ። ኤችፒ ለቢሮ ዴስክቶፖቹ እስከ 35 ዲግሪ የክፍል ሙቀት ይፈቅድና፣ በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ዲግሪ ይቀነስ ይላል። 2,100 ለ300 ሲካፈል 7 ነው። ጎንደር ላይ ወሰኑ 28 ዲግሪ ሆነ ማለት ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ የውጪው ሙቀት ወደ 30 ሲጠጋ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ሱቅ ስንት እንደሚሆን ቴርሞሜትር ሳያስፈልግ የሚታወቅ ነው።

በአዘዞ በኩል ወርዶ መተማ የደረሰ ማሽን ሌላ ፈተና ይገጥመዋል። አየሩ እንደ እኛው አልሳሳም፣ ሙቀቱ ግን በበጋ 40ን ይነካል። ደባርቅ ደግሞ ቀዝቃዛ ነው፣ አየሩ ግን ከጎንደርም ይሳሳል። አንድ ዓይነት ሳጥን፣ ሦስት ከተማ፣ ሦስት የተለያየ የሊትር ነጥብ። ዝርዝር ሰነዱ ላይ የተጻፈው ከሦስቱም የአንዱ አይደለም።

አቧራውን በአጭሩ ልለፈው። የትናንሾቹ ሂትሲንክ ክንፎች እጅግ የተጠጋጉ ስለሆኑ ቶሎ ይደፈናሉ። ቡና እየተፈላ ዕጣን በሚጨስበት ሱቅ ደግሞ አቧራው ከጢሱ ጋር ተለውሶ ይጣበቃል፤ በአየር መንፊያ ብቻ አይለቅም፣ በብሩሽ ይፈልጋል። ቡናው ይቅር የሚል ሰው ጎንደር ውስጥ ሰሚ አያገኝም፣ እኔም አልልም። ሳጥኑ ከረከቦቱ ይራቅ።

ታዲያ ሚኒ አትግዙ ማለቴ ነው? በፍጹም። ከብዜቱ የመጀመሪያው ክፍል፣ በዋት የሚገኘው አቅም፣ ከፍታ አይነካውም። ስለዚህ የሚገዛው እሱ ነው። በጥቂት ዋት ብዙ የሚሠራ ቺፕ ባሕር ዳርቻም ጎንደርም ያው ነው፤ ብዙ ዋት በትንሽ ሳጥን አጭቆ ነጥብ ያገኘው ግን እዚህ ሲደርስ ይሸነፋል። እኛ ጋ ዋት የሚቆጠርበት ሌላም ምክንያት አለ፦ መብራት። ብዙ ሱቅ ውስጥ ያለው አነስተኛ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒዩተሩን የሚያቆየው) ባትሪ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር-አወር ነው፤ ወረቀት ላይ 84 ዋት-ሰዓት። በመለወጥ የሚባክነውን ስንቀንስ፣ ሞኒተሩን ጨምሮ 70 ዋት የሚወስድ ሚኒ ግማሽ ሰዓት ሊያሠራ ይችላል። 300 ዋት የሚወስደውን ትልቅ ማሽን አሥር ደቂቃም አያደርስም። ለፎቶ ኮፒ ቤት፣ ለፋርማሲ፣ ለሒሳብ ሠራተኛ የሚኒው ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ የሻጮቹ ማስታወቂያ ግን ስለ መዳፍና ስለ መጽሐፍ ያወራል።

ጥገናውም ከተጠበቀው ይሻላል። የአንድ ሊትሮቹ ራም ከላፕቶፕ ጋር አንድ ነው፤ አዳፕተራቸውም ብዙውን ጊዜ የዚያው አምራች የላፕቶፕ ቻርጀር ዓይነት ነው። ሁለቱም እዚሁ ከተማ ይገኛሉ። ማክ ሚኒ በዋት አቅም ታስቀናለች፤ ራሟ ግን አይጨመርም፣ ሲገዙ የወሰኑት እስከ መጨረሻው ነው። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ የት እንደደረሰ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ውሳኔ አይደለም። ባለ 7 እና ባለ 10 ሊትር የጌም ማሽን የሚያምራቸው ወጣቶችን ደግሞ ፊት ለፊት እላቸዋለሁ፦ ኤስኤፍኤክስ የሚባለው ትንሹ ፓወር ሰፕላይ ሲቃጠል ምትኩን ፍለጋ ከሰባት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው አዲስ አበባ ይደውላሉ። ትልቁን የኤቲኤክስ ፓወር ሰፕላይ ግን በማግስቱ ይቀይሩታል። ለሠርግ ቪዲዮ ኤዲተሩም፣ ለሥነ ሕንፃ ተማሪውም ቦታ እስካለ ድረስ 44 ሊትሩ አያሳፍርም።

ገዢ ሱቅ ሲገባ አዳፕተሩን ከሳጥኑ ጋር ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥ፤ ፈተናውን ለግማሽ ሰዓት ያስኪድ፤ ከተቻለ ከሰዓት በኋላ ይምጣ። መጀመሪያ የታየውን ነጥብ ትቶ የመጨረሻውን ይመዝግብ። ሶኬት ላይ የሚሰካ የዋት መለኪያ ካለ ደግሞ ነጥቡን ለዋቱ ያካፍል፤ ሊትሩ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

በብዛት የሚገዙት ተቋማት ግን ከዚህ በላይ ማድረግ ይችላሉ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ሆስፒታሉ፣ ባንኮቹ፣ የክፍለ ከተማ ቢሮዎች ሁሉ ኮምፒዩተር የሚገዙት በጨረታ ነው። በጨረታ ሰነድ ላይ የፕሮሰሰር ትውልድ፣ የራም መጠን፣ የኤስኤስዲ መጠን ይጻፋል። እዚያው ላይ አንድ መስመር ይታከል፦ «በ2,100 ሜትር ከፍታና በ30 ዲግሪ የክፍል ሙቀት፣ ለ30 ደቂቃ ያለማቋረጥ ሲሠራ የሚያስመዘግበው ነጥብና የሚወስደው ዋት ይገለጽ፤ አቅራቢው በርክክብ ጊዜ በቦታው ያሳይ»።