ጎላው ያደረበት

የእድራችን ዋና ከተማ ባለፈው መስከረም ለ3ኛ ጊዜ ተቀየረ። አትሳቁ፣ ጸሐፊው እኔ ስለሆንኩ ቃለ ጉባኤው ላይ በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት። እኛ ሰፈር፣ ደብረ ማርቆስ፣ እድሩ የራሱ ቤት የለውም። ያለው 2 ድንኳን፣ 5 ጎላ፣ አንድ ጆሮው የተሰበረ ብረት ድስት፣ 40 ምናምን አግዳሚ (40ው የኛ ነው፣ ምናምኑ ከየት እንደመጣ እንዳትጠይቁኝ) እና በየለቅሶው ቁጥሩ የሚቀንስ ብርጭቆ ነው። ይሄ ሁሉ እቃ የሚቀመጠው አንድ ሰው ግቢ ነው፣ እቃው ያለበት ግቢ ደግሞ ስብሰባውም እዚያ፣ መዋጮውም እዚያ፣ ቅጣቱም እዚያ፣ ጠላውም እዚያ ነው። እንግዲህ ዋና ከተማ ሌላ ምን አለው?

የመጀመሪያው ባለ ግቢ ልጁን ሲድር ድንኳኑን ሳያስፈቅድ ተከለና ተነሳበት። ሁለተኛው ግቢ ክረምት ሲገባ ጎርፍ በድስቱ ላይ ይሄዳል። ከሦስተኛው የወጣነው ግን ሚስትየው "ወይ እኔ ወይ ጎላው" ብላ ነው፣ ባልየው ሌሊቱን ሙሉ አስቦበት ጠዋት "እሺ ጎላው ይውጣ" አለ፣ ሌሊቱን ሙሉ ማሰቡን ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላለችውም።

ደግሞ እኮ ነውር የለውም፣ ነገሥታቱም እንዲሁ ነበሩ። ከተማ የሚለው ቃል ራሱ ከተመ ከሚለው ነው የመጣው፣ ንጉሡ ከተመ ሲባል ድንኳኑን ተክሎ ሰፈረ ነው እንጂ ፎቅ ገነባ አይደለም። ከላስታ ነገሥታት ወዲህ ጎንደር እስክትመጣ ድረስ መንግሥቱ አብዛኛውን ዘመን በድንኳን ሲዞር ነው የኖረ፣ ዘርዐ ያዕቆብ ደብረ ብርሃን ላይ 10 ምናምን ዓመት መርጋቱ እንደ ጉድ የሚወራው ለዛ ነው። በ1512 የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ያየው ቤተ መንግሥት የድንኳን ባህር ነው። ሠራዊቱ አንድ አገር ላይ ይሰፍራል፣ እህሉን ይበላል፣ ማገዶውን ያነዳል፣ ሲያልቅ ድንኳኑ ይነቀላል፣ ያኔ ቀጣዩ አገር ሱባኤ ይገባል። ፋሲል በ1628 አካባቢ ጎንደር ላይ ድንጋይ በኖራ እስኪያስገነባ ድረስ ማለት ነው። ሹመቱም ያው የድንኳን ነው፣ ደጃዝማች የደጁ፣ ቀኛዝማች የቀኙ፣ ግራዝማች የግራው፣ ፊታውራሪ ቀድሞ የሚሄደው።

ይሄን እውቀቴን ስብሰባ ላይ ልዋብበት ብዬ ብዘረግፈው አበሳዬን አየሁ። ጥሩምባ ነፊያችን ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ "እንግዲያማ እኔ ደጃዝማች ነኛ፣ ለቅሶ ቤት ደጅ ላይ ቆሜ የምውለው እኔ አይደለሁ?" አለ። ገንዘብ ያዡ ሁሌ በዳኛው ቀኝ ነው የሚቀመጠው፣ ምንም ሳይናገር ኮቱን አስተካከለ። ወጥ የሚሠራው ከድንኳኑ በስተግራ ስለሆነ ግራዝማችነት ላይ 7 ሰው እጁን አወጣ። የእድሩ ዳኛ "ፊታውራሪስ?" ሲሉ ግን ጸጥ፣ ምክንያቱም እኔ ሞኙ ፊታውራሪ ቀድሞ ሄዶ መቃብር የሚቆፍር ነው ብዬ አስረድቼ ነበር።

በዚህ መሃል አያ ተነሱ። አያ እድሩ ሲመሠረት የነበሩ ናቸው፣ ስብሰባ ላይ ሁሌ አንድ ነገር ነው የሚናገሩት፣ እሱም እምባቦ ነው። ለማያውቅ ልንገር፦ ራስ አዳል በ1873 ከአጼ ዮሐንስ እጅ ዘውድ ጭነው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ ንጉሠ ጎጃም ወከፋ ተባሉ፣ መንቆረር የነበረችውን አገራችንንም በማርቆስ ስም ደብረ ማርቆስ አሰኟት። እንግዲህ "ወከፋ" የምትለዋን ከወረቀት ወደ መሬት ለማውረድ ዓባይን መሻገር ግድ ሆነ፣ ምኒልክ ደግሞ በበኩላቸው ያንኑ አገር ይፈልጉታል፣ በ1874 እምባቦ ላይ ተገናኙ፣ የኛ ንጉሥ ተማረኩ። ታሪኩ ይሄው ነው። አያ ግን ታሪክ ሆኖላቸው አያውቅም፣ ትናንት ማታ የሆነ ነው የሚመስላቸው።

"ያቺን ቀን ቢቀናን ኖሮ" አሉ መቋሚያቸውን እየነቀነቁ "አራት ኪሎ ዛሬ እዚህ ነበረ!"

"እዚህ የት አያ?"

"እዚህ ነዋ፣ ከማርቆስ ዝቅ ብሎ!"

እኛ ሰፈር እኮ ውሃ በቧንቧ ስትመጣ በእልልታ ነው የምንቀበላት። ኤምባሲው፣ ፓርላማው፣ የአፍሪካ ኅብረቱ ሁሉ ጄሪካን ይዞ ከኛ ጋ ሲሰለፍ ታየኝና ሳቄ መጣ፣ አያ አይተውኝ ኖሮ "ምን ያስቅሃል አንተ!" አሉ፣ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

የሚገርመው አያ በባህር ዳርም ቂም አላቸው። በጃንሆይ ጊዜ ጎጃም ጠቅላይ ግዛት 7 አውራጃ ይዞ መናገሻው ደብረ ማርቆስ ነበረ፣ ቢቸና በሉ ሞጣ በሉ፣ አገው ምድር፣ መተከል፣ ባህር ዳር ራሷ ሳትቀር፣ አቤት ለማለት ወደኛ ነበር የሚመጣው። ዛሬ ባህር ዳር የክልል ርእሰ ከተማ ናት፣ እኛ የምሥራቅ ጎጃም ዞን። ጃንሆይ የአገሪቱን ዋና ከተማ ወደ ባህር ዳር ሊያዞሩ አስበው ነበር የሚባል ወሬ አለ አይደል፣ ጎጃም ውስጥ ይሄን ያላወራ ሽማግሌ አላውቅም፣ ያንን ሲሰሙ አያ ደስ ይላቸዋል ብዬ ብጠብቅ "እሰይ እንኳን ቀረ!" አሉ። ለምን ቢባሉ፣ በአዲስ አበባ ቢበለጡስ ሩቅ ናት፣ በባህር ዳር ተበልጦ መኖር ግን አይቻልም። የአዲስ አበባ ክፍለ ከተማ 11 ደረሰ ብዬ ስነግራቸው ደግሞ በጣታቸው ቆጠሩና "ከአውራጃችን በለጠ?" ብለው ሻሽ የጠመጠመ ራሳቸውን ያዙ።

አዲስ አበባም እኮ ለጥቂት ነው የተረፈችው። እንጦጦ ላይ ብርዱ አላስቀምጥ ሲል እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃውን ወደዱና በ1879 ቁልቁል ተወረደ፣ አዲስ አበባ ተባለ። እሺ፣ ከዛስ? ከዛ ያው እንደ ልማዱ ማገዶ አለቀ። ያ ሁሉ መኳንንት፣ ያ ሁሉ ወታደር እንጀራ ይጋገርለታል፣ ጠጅ ይጣልለታል፣ ዙሪያው ተራራ ራቁቱን ቀረ። ምኒልክ ወደ ምዕራብ ሄደው አዲስ ዓለም ላይ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ፣ ዋና ከተማዋ እቃዋን በበቅሎ ልትጭን አንድ ሐሙስ ሲቀራት ከአውስትራሊያ የመጣ ባህር ዛፍ አስጣላት፣ ቶሎ ያድጋል፣ ቢቆርጡት መልሶ ያቆጠቁጣል፣ ማገዶ ሆነ ማገር ሆነ። የአዲስ ዓለሙ ጅምር ቤተ መንግሥት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ስንት ዘመን ስትዞር የኖረች ዋና ከተማ በዛፍ ተይዛ ቀረች፣ ያውም አገሬው ባልሆነ ዛፍ!

እኛም 4ኛውን ግቢ የመረጥነው በዚሁ ስሌት ነው። ባሏ የሞተባቸው አንዲት እትዬ አሉ፣ ጓሯቸው ባህር ዛፍ ብቻ ነው፣ ለቅሶ ሲመጣ ማገዶ ፍለጋ የለም፣ ጎላው እዚያ፣ እንጨቱ እዚያ። ዳኛው ይሄን ሲያስረዱ ሁሉም አጨበጨበ። እትዬ ግን አላጨበጨቡም። "ግቢዬን ስሰጥ እኔስ ምን አገኛለሁ?" አሉ። መዋጮ ይማሩ ተባለ፣ አይበቃም። ለጠላቸው ድንኳኑን ሲፈልጉ ይጠቀሙ ተባለ፣ "እሱማ ግቢዬ ውስጥ እስካለ ማን ይከለክለኛል?" አሉ። ይሄኔ ከኋላ የተቀመጠ አንድ መምህር "ይሄ ልዩ ጥቅም ነው፣ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 49 እዩ" አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አዲስ አበባ ራሷን ታስተዳድራለች ይላል፣ ተጠሪነቷ ለፌዴራሉ ነው ይላል፣ መሃሉ ላይ ያለችበት ኦሮሚያ ልዩ ጥቅም አለው ይላል፣ ከዛ ዝርዝሩ በሕግ ይወሰናል ብሎ ይዘጋል። ዳኛው ይቺን የመጨረሻዋን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። "ጻፍ!" አሉኝ። ጻፍኩ፦ የእትዬ ልዩ ጥቅም የተከበረ ነው፣ ዝርዝሩ በስብሰባ ይወሰናል።

ስብሰባው እስከ ዛሬ አልተጠራም።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ጥሩምባው ሳይነፋ ጩኸት ሰማሁና ወጣሁ። እትዬ ግቢ በር ላይ አይሱዙ ቆሟል፣ ባህር ዛፉ ከሥሩ ተቆርጦ፣ ተልጦ፣ አጣና ሆኖ ይጫናል። ጎላዎቹ ባዶ ጓሮ ላይ ፀሐይ ላይ ተደርድረዋል፣ አንዱ ውስጥ ዶሮ ተኝታለች። ዳኛው ደጃዝማቹን አስከትለው ደረሱ። "ኧረ በማርቆስ! ምነው እትዬ፣ ማገዶው?" ሲሉ እትዬ ብሩን እየቆጠሩ ቀና እንኳ አላሉም፣ "ዝርዝሩ ነው" አሉ። እንግዲህ 5ኛ ዋና ከተማ ልንፈልግ ነው።

አያ መቋሚያቸውን ተደግፈው የመኪናውን ጭነት ከታች እስከ ላይ አዩት።

"የት ነው የሚሄደው?" አሉ ሹፌሩን።

"አዲስ አበባ ነው አባት፣ ለፎቅ ሥራ።"

አያ መኪናው ተነስቶ የደጀንን መንገድ ይዞ እስኪሰወር ድረስ ዝም ብለው ቆዩና

"እምባቦ" አሉ።