አባባን አታስቀምጧቸው

አባቴ ፓርኪንሰን እንዳለባቸው ከታወቀ በኋላ ቤታችን ውስጥ የበዛው ቃል «ይቀመጡ» ነበር። ውሃ ሊቀዱ ሲነሱ፣ «ይቀመጡ አባባ፣ እኔ አመጣለሁ»። ሁላችንም የምንለው በፍቅር ነው። ዛሬ ሳስበው ግን ያ ፍቅር ከበሽታው ጋር ተባብሮ ነው ያደከማቸው።

ፓርኪንሰን አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን፣ እንቅስቃሴን ለመቆጣጠር የሚረዳ ንጥረ ነገር የሚያመርቱ ሴሎች እየሞቱ ሲሄዱ የሚመጣ ነው። እንቅስቃሴ ይዘገያል፣ ጡንቻ ይገትራል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። ሌቮዶፓ የተባለው መድኃኒት ብዙ ያቀላል፤ ሚዛንንና አረማመድን ግን ሁልጊዜ አያስተካክልም። እንቅስቃሴ የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው። በሽታውን አያድንም። አዘውትሮ እንቅስቃሴ የሚሠራ ሰው ግን አካሄዱም ሚዛኑም ይሻሻላል። ይህን ለአባባ የነገራቸው አልነበረም። ሁለት ዓመት ሙሉ የታዘዘላቸው ኪኒን ብቻ ነው።

በጣም የሚያስደነግጠን በር ላይ ሲደርሱ እግራቸው ድንገት ሲቆም ነበር። ወለሉ ላይ የተጣበቀ ይመስላል። እኛ ደግሞ እጃቸውን እየጎተትን «ይሂዱ እንጂ!» እንላለን። ሰው የሚወድቀው እንዲህ ሲጎተት ነው። በኋላ ያገኘናት ፊዚዮቴራፒስት (በአካል እንቅስቃሴ የምታክም ባለሙያ) ሌላ መንገድ አሳየችን። መጀመሪያ ጸጥ ብሎ መቆም። ክብደትን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ማዘንበል። ከዚያ «አንድ፣ ሁለት» ብሎ ትልቅ እርምጃ። በሩ ሥር ነጭ ፕላስተር አግድም ለጠፍን፤ እሱን ለመሻገር ብለው እግራቸውን ያነሳሉ። እህቴ እስክስታ እንደምታስወርድ ስታጨበጭብም እርምጃቸው ይስተካከላል። አንጎል በራሱ ማስጀመር ያቃተውን ከውጭ የመጣ ምት ወይም መስመር ያግዘዋል።

አሁን ጠዋት መድኃኒታቸውን ወስደው ሰውነታቸው ሲፍታታ ጣና ዳር እንወርዳለን። መጀመሪያ ሰው እንዳያያቸው እጃቸውን ጋቢ ውስጥ ይደብቁ ነበር። ያንን ትተዋል። አንዳችን ከጎናቸው እንሆናለን፣ ግን አንይዛቸውም። ሲዞሩ ባሉበት አይሽከረከሩም፤ ሰፋ አድርገው ይዞራሉ። ከመቀመጫው ሲነሳ ራሱን የሚያዞረው ሰው ግን አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።

ባሕር ዳር ለእግር የምትመች ከተማ ናት። መሬቷ ሜዳ ነው፣ ዘንባባው ጥላ አለው። በየአጭር ርቀቱ አግዳሚ ወንበር ቢኖር ስንት ሽማግሌ ደፍሮ ይወጣ ነበር! ሐኪሞቻችንም እባካችሁ፣ ኪኒኑን ስታዙ ፊዚዮቴራፒውንም አብራችሁ እዘዙ።

ትናንት ቡና ሲቀርብ አባባ ሲኒያቸውን ራሳቸው ሊያነሱ ብድግ አሉ። እህቴ አፏን ልትከፍት ስትል አየኋት። ከዚያ ዝም አለች።