በሰው ስድስት ደቂቃ አትፍረዱ

ወገኖቼ፣ ክፉ ልማድ ይዞናል። ሰው ጭንቅ ውስጥ ሆኖ ሲሳሳት መጀመሪያ ከአፋችን የሚወጣው «እንዴት እንዲህ ያደርጋል?» ነው። ጥያቄ ይመስላል፤ ግን መልሱን ቁጭ ብሎ የሚሰማ የለም። ፍርድ ነው።

ይህ ፍርድ እንዴት እንደሚያም ደግሞ እኛው እናውቃለን። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 አውሮፕላን 6 ደቂቃ ያህል በርሮ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከሰከሰ። 157 ሰው አለቀ። ሐዘኑ ሳይወጣልን አንድ የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ብድግ ብሎ፣ አሜሪካ የሠለጠነ አብራሪ ቢሆን ኖሮ ይወጣው ነበር አለ። ሌሎችም ተከተሉ። ለምን ፍጥነት አልቀነሱም? አጥፉ የተባሉትን የኤሌክትሪክ ማብሪያ ለምን መልሰው አበሩት? ደማችን ፈላ። መፍላቱም ልክ ነበር።

እስቲ እነዚያ ልጆች የተቀመጡበት ወንበር ላይ ለአፍታ ተቀመጡ። ዋናው አብራሪ 29 ዓመቱ ነው፣ ረዳቱ 25። አውሮፕላኑ ገና መሬት ከመልቀቁ አፍንጫው ወደ ላይ ምን ያህል እንደቀና የሚጠቁመው የግራ ሴንሰር የተሳሳተ ነገር ማሳየት ጀመረ። የዋናው አብራሪ መሪ ለማስጠንቀቂያ እጁ ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ እስከ መጨረሻው ገደማም አላቆመም። የግራው የፍጥነት መለኪያ አንድ ነገር ይላል፣ የቀኙ ሌላ። በዚህ መሃል ኤምካስ የሚባለው በራሱ የሚሠራ ሲስተም ያን የተሳሳተ ሴንሰር አምኖ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ መሬት ይደፍቃል። እነሱ ያነሱታል፣ እሱ መልሶ ይደፍቀዋል። በመመሪያው መሠረት፣ ሲስተሙ አፍንጫውን የሚደፍቅበትን የጭራ ክንፍ የሚያንቀሳቅሰውን ኤሌክትሪክ አጠፉ። ከዚያ ያንኑ ክንፍ ለመመለስ በእጅ የሚዞረውን መንኮራኩር ሞከሩ፤ ረዳቱ እንደማይሠራ ተናገረ። ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር ያንን መንኮራኩር በጉልበት ማዞር እየከበደ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ኤሌክትሪኩ ተመልሶ እንደበራ የበረራው መዝገብ ያሳያል። ከዳር ሆኖ ላየው ስህተት ነው። እጁ አልታዘዝ ላለው ሰው ግን ሌላ ምን ቀረው?

አውሮፕላኑን የሠራው የአሜሪካው ቦይንግ ኩባንያ ሲስተሙን ሲሠራ አብራሪው በ4 ሰከንድ ውስጥ ነገሩን ተረድቶ ያስተካክለዋል ብሎ ገምቶ ነበር። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በመስከረም 2012 ባወጣው ሪፖርት ይህን ግምት ነቀፈ። ፈተናው ሲደረግ ያ ሁሉ ማስጠንቀቂያ አንድ ላይ ሲጮህበት ሰው ምን እንደሚሆን አልታየም ነበር። ቦይንግም በኅዳር 2014 ቺካጎ በሚገኝ ፍርድ ቤት ለአደጋው ተጠያቂነቱን ተቀበለ። የልጆቻችንን ስም ያዳነው «እዚያ ውስጥ ምን ይታያቸው ነበር? ምን ይሰማቸው ነበር?» ብሎ በትዕግሥት የጠየቀ ሰው ነው።

እናንተዬ፣ ይህን ትዕግሥት ለእርስ በርሳችን ለምን ነፈግን?

ይህን የምለው እኔም ስለፈረድኩ ነው። አክስቴ በስልክ ተታልላ 18 ሺህ ብር አጣች። የሰማሁት በሦስተኛው ቀን ነው። ሄጄ ገና ሳልቀመጥ «እንዴት ሰው የሚስጥር ቁጥሩን ለማያውቀው ሰው ይሰጣል?» አልኳት። ዝም አለች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አደረገች። ልጆቿም ከኔ በፊት ይህንኑ ነበር ያሏት። በዚያው ሰዓት ብትነግረን ኖሮ ባንኩ ጋ ደውለን ምናልባት ገንዘቡን ማስያዝ ይቻል ነበር። ለምን እንዳልነገረችን አሁን ይገባኛል። አፋችንን ፈርታ ነው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ነገሩ ካለቀ በኋላ ሁላችንም ብልህ ነን። ልጅቷ በደላላ ተታልላ በየመን በኩል ስትሄድ፣ «አትሂጂ ብለናት ነበር» እንላለን። ወንድማችን ንግዱን ለማዳን በአራጣ ሲበደር፣ «አብዶ ነው» እንላለን። ያን ቀን በር ላይ ማን ቆሞ እንደነበር፣ ስንት ሰው ደውሎ እንዳስጨነቀው፣ የትኛው መንገድ ተዘግቶ የትኛው ክፍት መስሎ እንደታየው አንጠይቅም። አትሳሳቱ፣ ጥፋት ጥፋት አይደለም እያልኩ አይደለም። አታላዩ አታላይ ነው፣ በሕግ ይጠየቅ። የተታለለውን ግን መጀመሪያ አስቀምጡት፣ ውኃ ስጡት፣ ስሙት። ሳትሰሙት የምትሰጡት ምክር ለሌላ ቀን አይጠቅመውም፤ ምን እንደያዘው አታውቁማ።

ከሳምንት በኋላ ተመልሼ ሄድኩ። ይቅርታ ጠየቅኳት። ከዚያ «አክስቴ፣ ሲደውል ምን እያደረግሽ ነበር?» አልኳት። ያኔ ነው የተናገረችው። ቡና እየቆላች ነበር። ሰውየው በስሟና በአባቷ ስም ጠራት። ከባንክ ነኝ አላት። አካውንትሽ በ5 ደቂቃ ውስጥ ሊዘጋ ነው፣ ስልኩን እንዳትዘጊ፣ አሁን የገባልሽን ቁጥር አንብቢልኝ አላት። መነጽሯን እስክትፈልግ ደጋግሞ «ቶሎ በይ እናቴ» ይላታል።

«ልጄ፣» አለችኝ፣ «ቡናው ሲያር እንኳ አልሸተተኝም።»

አብረውን ቡና ሊጠጡ የመጡ ሁለት ጎረቤቶች ነበሩ። አንደኛዋ ሲኒውን አስቀመጠች። ቀስ ብላ፣ «እኔንም ስሜን ጠርቶ ነው» አለች። ባሏ እስከዚያ ቀን አያውቅም ነበር።