ጆሮ ዳባ ልበስ፦ ስለ አንድ የትምህርት ቤት ጥበብ

መስማትማ ማንም ይሰማል። ሦስት ተማሪዎች አራተኛውን ልጅ ከግድግዳ አስደግፈው «ጌይ! ጌይ!» እያሉ ሲያዋክቡት፣ መምህር ሆኖ በአጠገባቸው ቡና ይዞ አልፎ አለመስማት ግን የዓመታት ልምድ ይጠይቃል። ይህን ጥበብ ሳናመሰግን ብንቀር ነውር ነው።

ከጥበቡ አባቶች ግንባር ቀደሞቹ የተገኙት በአሜሪካ፣ በዊስኮንሲን ግዛት፣ አሽላንድ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ጄሚ ናቦዝኒ የተባለ ተማሪ ለዓመታት ሲሰደብና ሲደበደብ አቤት ቢል፣ ለፍርድ ቤት የቀረበው አቤቱታ እንደሚለው ርዕሰ መምህርቷ «ወንድ ልጅ ያው ወንድ ልጅ ነው» አሉ፤ ጌይነቱን ካልደበቀም ይህን መጠበቅ እንዳለበት መከሩት። በኋላ ሆዱን ደጋግመው ረግጠውት ለውስጥ መድማት ሲዳርጉት፣ የሁለተኛ ደረጃው ምክትል ርዕሰ መምህር ሳቁና ይገባሃል አሉት። በ1996 እ.ኤ.አ. የዳኞች ሸንጎ ኃላፊዎቹን ተጠያቂ አደረገ፤ ጉዳዩ ወደ 900,000 ዶላር በሚጠጋ ካሳ ተዘጋ። ዝምታ ወርቅ ነው ሲባል የግራሙን ዋጋ የጠየቀ አልነበረም።

የዛሬዎቹ ሊቃውንት ዝም ብቻ አይሉም፣ ይሠራሉ። ለምሳሌ ያስታርቃሉ። አምስቱን አጥቂዎችና አንዱን ተጠቂ አንድ ቢሮ ሰብስቦ «በሉ ተጨባበጡ» ማለት እንዴት ያለ ሽምግልና ነው! እርቅ አቅማቸው ለተመጣጠነ ጠበኞች እንደሆነ ጎረምሳም ያውቃል፤ ግን ልጁ ቃሉን የሚሰጠው አጥቂዎቹ ፊት ስለሆነ «ቀልድ ነበር» ይላል፣ ፋይሉም በሰላም ይዘጋል። ካልተዘጋ የተጠቂውን ክፍል መቀየር ነው። ምሳውን ቤተ መጻሕፍት ይብላ፣ ሽንት ቤትም ነርሷ ዘንድ ይሂድ። አጥቂዎቹን ከወንበራቸው ማንቀሳቀስ ትምህርታቸውን ያስተጓጉላል።

ከሁሉም የረቀቀው ወደ ቤት መደወል ነው። ልጁ ለማንም የተናገረው ነገር የለም። ምናልባትም ጌይ አይደለም፤ ኳስ አይወድም፣ ድምፁ ቀጭን ነው፣ ከሴቶች ጋር ይቀመጣል፣ ለመሰደብ ይህ ይበቃል። ለአባቱ ግን «ልጅዎን የሚሰድቡት ጌይ ነው እያሉ ነው» ብሎ መንገር ግልጽነት ይባላል። በተለይ ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ላለ አበሻ አባት ይህ ስልክ ሲደርሰው፣ ልጁ ማታ ሁለተኛ ግንባር ተከፍቶ ይጠብቀዋል። አስቀድሞ «ለቤትህ ምን ያህሉን ልንገር?» ብሎ ልጁን መጠየቅ ግማሽ ደቂቃ ይፈጃል፤ ማን ጊዜ አለው?

መዝገቡ ላይ «የተማሪዎች አለመግባባት» ብሎ ማስፈር ይበቃል። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተባለውን ቃል እንደወረደ፣ ቆመው ያዩትን ልጆች መጻፍ አደገኛ ነው፦ ሦስት መዝገቦች ተደርድረው ሦስቱም የስፖርት ልብስ መቀየሪያ ክፍልን ከጠቆሙ አንድ አዋቂ እዚያ ሊቆም ነው።

ተመልካቾቹንም አታስቸግሩ። በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመ የካናዳ ጥናት በትምህርት ቤት ግቢ የተቀረጸ ቪዲዮ መርምሮ፣ እኩዮች ጣልቃ ሲገቡ ከጊዜው 57 በመቶ ጥቃቱ በ10 ሰከንድ ውስጥ እንደሚቆም አገኘ። ደግነቱ ጣልቃ የገቡት ከጥቃቶቹ በ19 በመቶው ብቻ ነበር። ይህ ቁጥር እንዳያድግ፣ ተጠቂውን «ና፣ እንሂድ» ብሎ ይዞ መሄድን ማንም እንዳያስተምራቸው። የዓመት አንድ ስብሰባና አንድ ፖስተር ይበቃቸዋል።

ካሊፎርኒያ ግን ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነገር አበላሽታለች፦ ጥቃት ያየ ሠራተኛ አደጋ ከሌለው ወዲያው ጣልቃ እንዲገባ ሕግ ያዘዋል። ሕጉ «ያየ» ስለሚል ስልክ ላይ ማቀርቀር ሳያዋጣ አይቀርም። አለዚያማ ክፍሉ እየሰማ «ይህ ስድብ ነው፣ እዚህ አይባልም» ማለትና ወደ ሒሳቡ መመለስ ሊመጣ ነው፤ አምስት ሰከንድ ሙሉ ከክፍልፋዮች ላይ ተሰርቆ!

ከሳምንት በኋላ ደግሞ ልጁን ለብቻው ጠርታችሁ «አሁንስ እንዴት ነው?» እንዳትሉት። ሊነግራችሁ ይችላል።